ሎጎግራፎስ፦ የአቴና ችሎት ንግግር ጸሐፊ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አቴና ውስጥ ባለጉዳይ የሚሟገተው በገዛ አፉ ነበር። ወዳጅ ወይም ዘመድ ሊያግዘው ይችላል፤ ስለ ሌላው ለመናገር ገንዘብ መቀበል ግን በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ አንደበተ ርቱዕ ያልሆነ ሰው ሎጎግራፎስ ዘንድ ይሄዳል። ሎጎግራፎሱ ጉዳዩን ሰምቶ ንግግሩን በክፍያ ይጽፍለታል፤ ባለጉዳዩም በቃሉ አጥንቶ ችሎት ፊት ያቀርበዋል። አንቲፎን፣ ሊስያስ፣ ኢሳይዮስና ዴሞስቴንስ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው።

የንግግሩን ርዝመት የሚወስነው ውሃ ነው። ክሌፕሲድራ የተባለው የሸክላ ዕቃ ከግርጌው በቀጭን ቱቦ ይፈስሳል፤ ውሃው ሲያልቅ ተናጋሪው ያቆማል። መለኪያው ኮውስ (3.2 ሊትር ገደማ) ነው። ከ5,000 ድራክማ (የግሪክ ገንዘብ) በላይ በሆነ የግል ክርክር ለመጀመሪያው ንግግር 10፣ ለሁለተኛው 3 ኮውስ ይፈቀዳል፤ እስከ 5,000 ለሆነው 7 እና 2፣ እስከ 1,000 ለሆነው 5 እና 2። በአቴና አጎራ (የገበያ አደባባይ) ቁፋሮ የተገኘው ባለ 2 ኮውስ ዕቃ በ6 ደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ በዚህ ስሌት 10 ኮውስ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሕግ ወይም የምስክር ቃል ሲነበብ ግን ቱቦው ይደፈናል። በንግግሮቹ መሃል «ውሃውን ያዝ» የሚል ትእዛዝ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ዳኞቹ ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በዕጣ የተመረጡ ተራ ዜጎች ናቸው፤ በግል ክርክር 201 ወይም 401፣ በሕዝብ ክስ ብዙ ጊዜ 501። ሳይመካከሩ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ያልጣማቸውን ተናጋሪ ጮኸው ያቋርጣሉ። ንግግሩ መግቢያ፣ ትረካ፣ ማስረጃና መደምደሚያ አለው፤ ከሁሉ የሚከብደው ትረካው ነው፣ ሊስያስም የሚደነቀው በዚሁ ነው። የሚስቱን ውሽማ ገድሎ ለተከሰሰው ለኤውፊሌቶስ በጻፈው ንግግር፣ ልጅ ሲወለድ እናቲቱ ሕፃኑን ለማጠብ በመሰላል ስትወርድ እንዳትወድቅ ሴቶቹ ወደ ምድር ቤት፣ ባልየው ወደ ፎቅ እንደተዛወሩ ይነግራል። ይህች ዝርዝር ውሽማው እንዴት እንደገባ ታስረዳለች፤ ባልየውም ወጥመድ የሚያጠምድ ሳይሆን የዋህ ሰው መስሎ እንዲታይ ታደርጋለች።

ንግግሩ ከባለጉዳዩ አፍ ጋር ካልገጠመ ጉዳቱ ከባድ ነው። ገበሬ በተራቀቀ ቋንቋ ሲናገር ዳኞች ይጠረጥራሉ፤ መግቢያውን ያንዛዛ ደግሞ ማስረጃው ላይ ሳይደርስ ውሃው ያልቅበታል። ተቃዋሚ ያልተጠበቀ ነጥብ ካነሳም በቃል የተጠናው ንግግር መልስ አይኖረውም።

ለፍርዱ እያንዳንዱ ዳኛ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት የነሐስ ድምፅ መስጫዎች ይሰጠው ነበር፤ መሃሉ ክፍት የሆነው ለከሳሽ፣ ድፍኑ ለተከሳሽ ነው። ጫፉን በጣቱ ስለሚሸፍን ምርጫው አይታይም። ድምፅ እኩል ከሆነ ተከሳሹ ያሸንፋል። በሕዝብ ክስ አንድ አምስተኛውን ድምፅ ያላገኘ ከሳሽ 1,000 ድራክማ ይቀጣል።