ቴክኒካል ራይቲንግ ምንድን ነው? «እንግሊዝኛ ለሚችል» ብቻ ለምትሉ

«ቴክኒካል ራይቲንግ ማለት ኮዲንግ ያልሆነለት፣ እንግሊዝኛው ግን ጥሩ የሆነ ሰው የሚገባበት ሥራ ነው።» ሰሞኑን አንድ የሙያ ምክር የሚሰጥ ሰው ለወጣቶች እንዲህ ሲል ሰማሁት። እንዲህ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጀውን፣ የኤንጂኦ ሪፖርት የሚጽፈውን፣ ለፌስቡክ ገጽ ማስታወቂያ የሚሠራውን ሁሉ ቴክኒካል ራይተር የሚሉም አሉ። እነዚህ የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ ግን ሌላ ሥራ ናቸው። ሰምቼ ዝም የማልለው፣ አባባሉ ለሥራው የሚሆኑ ሰዎችን ከበር ስለሚመልስ ነው።

ባጭሩ፣ ቴክኒካል ራይቲንግ አንድ ሰው አንድን ነገር በራሱ እጅ እንዲሠራ የሚያስችል ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። የሶፍትዌር መመሪያ፣ የኤፒአይ (አንዱ ሶፍትዌር ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ዶክመንቴሽን፣ የማሽን ጥገና ማንዋል፣ ስክሪን ላይ የሚወጣ የስህተት መልእክት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በምን ሶፍትዌር እንደሚጻፍ አልገባበትም፤ እሱ ሥራ ላይ የሚለመድ ነው።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ለእንግዳ ቤታችሁን በስልክ ስታመላክቱ አስቡ። ሰፈሩ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው «ድሮ ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ጋ ስትደርስ ታጠፍ» ይላል። ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ለእሱ ግን አሁንም እዚያው አለ። ባለፈው ወር የገባው ተከራይ ግን የት ጋ እንደጠፋ ገና አልረሳም። «ፋርማሲ ሁለት አለ፤ የመጀመሪያውን እለፈው፤ ሰማያዊ በር ያለው ጋ ታጠፍ» ይላል። ዴቨሎፐሩ የሰፈሩ ልጅ ነው። ሲስተሙን የገነባው እሱ ስለሆነ፣ እንግዳ የሚጠፋበት ቦታ አይታየውም። ቴክኒካል ራይተሩ ተከራዩ ነው። ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ከማመላከቱ በፊት «አሁን የት ነህ? በእግር ነህ በመኪና?» ብሎ ይጠይቃል። የኮሪደር ልማቱ አልፎ ምልክቱ ሲፈርስም፣ ሄዶ አይቶ መንገዱን እንደ አዲስ ያመላክታል። እኛ ቴክኒካል ራይተሮች ጋ ይህ በየሪሊዙ፣ ማለትም አዲስ የሶፍትዌር ስሪት በወጣ ቁጥር ነው፦ የሚጫኑት በተን ቦታ ይቀይራል፣ ሜኑው ይጠፋል፣ ስክሪንሾቱ ያረጃል። አንድ ልዩነት አለ። ስልክ ላይ ያለው እንግዳ «ጠፋብኝ» ብሎ ይደውላል። የማንዋል አንባቢ መልሶ የሚደውልበት የለም። ስለዚህ የሚጠፋበትን ቦታ ቀድመን ማወቅ አለብን።

ወደ እንግሊዝኛው ልመለስ። የአውሮፕላን ጥገና ማንዋል የሚጻፍበት ቀለል ያለ እንግሊዝኛ አለ፤ የመጀመሪያው መመሪያ የወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ከሙያ ቃላት ውጭ የተፈቀዱት ቃላት 900 ገደማ ናቸው። የሥራ ትእዛዝ የሚሰጥ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል መብለጥ የለበትም። አንድ ቃል በአንድ ትርጉም ብቻ ያገለግላል። ለምን? ማንዋሉን ከሚያነቡት ቴክኒሻኖች ብዙዎቹ አፋቸውን በእንግሊዝኛ ያልፈቱ ስለሆኑ ነው፤ ቦሌ ሃንጋር ውስጥ የሚሠሩትም ከእነሱ ናቸው። የሚያምር እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ መጀመሪያ የሚማረው ማሳመሩን መተው ነው። እንግሊዝኛ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ያስፈልጋል፣ በደንብ። ግን መግቢያው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሥነ ጽሑፍ ምሩቃን ሁሉ እኛ ጋ በሞሉ ነበር።

ቀሪው ምን እንደሆነ ቴራክ-25 በሚባለው ማሽን ላሳይ። ለካንሰር የጨረር ሕክምና የሚያገለግል፣ ካናዳ የተሠራ ማሽን ነበር። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ድረስ ቢያንስ ስድስት ታካሚዎች ከልክ በላይ ጨረር ተለቆባቸው ከባድ ጉዳት ደርሷል፤ የሞቱም አሉ። በ1986 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ፣ ታይለር ከተማ፣ ኦፕሬተሯ ስክሪኑ ላይ «ማልፈንክሽን 54» የሚል መልእክት አየች። ትርጉሙን በቅጡ የሚያብራራላት ነገር የለም። የተሰጣት ማንዋልም ስለ ኮዶቹ ምንም አይልም። ማሽኑ ትንንሽ ብልሽት ማሳወቁን ለምዳዋለችና እንደወትሮው የመቀጠያውን ቁልፍ ተጫነች። ታካሚው ለሁለተኛ ጊዜ ተመታ። ከወራት በኋላ ሞተ።

እዚህ ጋ መጠንቀቅ አለብኝ። ዋናው ጥፋት የሶፍትዌሩ ነው፤ አደጋውን በሃርድዌር የሚያግድ መከላከያም አልነበረም። ማንዋል ብቻውን ያንን ማሽን አያስተካክለውም። ግን ከመሸጡ በፊት አንድ ሰው መሐንዲሶቹ ፊት ቆሞ «54 ምንድን ነው? ይህን ያየ ሰው ምን ያድርግ?» ብሎ አፋጥጦ መጠየቅ ነበረበት። መልስ ከሌላቸው ደግሞ መልስ እስኪያገኙ አለመልቀቅ። ሥራችን ይህ ነው። መጻፉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከቀኑም ትንሹን ሰዓት ነው የሚወስደው።

ለዚህም ነው ወደ ሥራው የሚመጡት ሰዎች ያልታሰበ ቦታ የነበሩት። እኔ የመጣሁት ከፋርማሲ ነው። ለሕፃናት የሚሰጥ የዱቄት አንቲባዮቲክ አለ፣ ቤት ውስጥ በውኃ የሚበጠበጥ። መመሪያው «ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እስከ መስመሩ ይጨምሩ፣ በደንብ ይወዝውዙ» ይላል። እናትየዋን «እስቲ እህቴ፣ ቤት ስትደርሺ ምን እንደምታደርጊ ንገሪኝ» ስላት፣ በትክክል ደግማ ትነግረኝና «ስወዘውዘው ከመስመሩ ዝቅ ቢልስ?» ትላለች። ዝቅ ይላላ! ዱቄቱ ሲርስ ደረጃው ይወርዳል፤ እንደገና እስከ መስመሩ መሙላትና መወዝወዝ ያስፈልጋል። ያ ሁለተኛው ደረጃ ወረቀቱ ላይ ከሌለ አንዷ ትተወዋለች፣ ሌላዋ ያበላሸችው መስሏት ትደፋዋለች። መድኃኒቱን የሠራው ሰው ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቀው ነው መጻፉን የረሳው። መስኮቱ ጋ ሆኖ «ንገሪኝ እስቲ» ማለት የለመደ ሰው፣ ዴቨሎፐር ፊት ሲቀመጥ የሚጠይቀውን አያጣም።

ከኮል ሴንተር የመጣ ሰው ዩዘሩ የት ጋ እንደሚናደድ በቃሉ ያውቃል። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ተማሪው «ገባኝ» ሲል ያልገባውን ይለያል። ነርሷ የተረኛ ማስረከቢያ ስትጽፍ ኖራለች፤ የጎደለ መስመር ምን እንደሚያስከትል የሚነግራት አያስፈልጋትም። ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ማንዋል ጸሐፊ እየተባለ የሚነሳው ጆሴፍ ቻፕሊን ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. ባይናክ ለተባለው ኮምፒውተር የተጠቃሚ መመሪያ አዘጋጀ። ሰውየው የኦርጋን ተጫዋችም ነበር።

ያ መካሪ ሌላም ነገር አክሏል፦ «አሁን ደግሞ ኤአይ ይጽፈዋል።» ዓረፍተ ነገሩን አዎ፣ ይጽፈዋል፣ አሳምሮ። ግን ያልተነገረውን ከየት ያመጣል? ቀላል ምሳሌ ላንሳ። አንድ የክፍያ አፕ «ከ2:00 ሰዓት በፊት ይክፈሉ» የሚል መልእክት ይልካል። ሲስተሙ የተሠራው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው። ባለሱቁ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ሲያልፍ ጊዜው አመለጠኝ ብሎ ይተወዋል፣ ወይም ከምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ እከፍላለሁ ብሎ ይዘገያል። ጽሑፉ አንድም የሰዋስው ስህተት የለበትም። ችግሩን የሚያየው «የማን ሰዓት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። የጀማሪ ሥራ እየጠበበ መሆኑን ግን አልክድም፤ ቀድሞ ጀማሪ ይሠራው የነበረውን እርማት አሁን ማሽን እየሠራው ነው።

መግባት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሰርተፊኬት አታሳድዱ። ጉግል ነፃ የቴክኒካል ራይቲንግ ኮርስ አለው፤ አጭር ነው፣ ውሰዱት። ከዚያ አንድ የምትጠቀሙበትን ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ምረጡ። ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የመጫኛ መመሪያውን ቃል በቃል ተከተሉ። የሆነ ቦታ ላይ ትቆማላችሁ፤ ሁሌም ይኖራል። የጎደለውን ደረጃ ጻፉና ፑል ሪኩዌስት (እርማታችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ እንዲገባ የሚቀርብ ጥያቄ) ላኩ። ተቀባይነት ያገኙ ጥቂት እንዲህ ያሉ እርማቶች ከማንኛውም ሲቪ ይበልጣሉ። እዚህ ሀገር «ቴክኒካል ራይተር» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አትጠብቁ። ሥራው ብዙ ጊዜ ሰፖርት (የደንበኛ ድጋፍ)፣ ኪውኤ (የጥራት ፍተሻ) ወይም ቢዝነስ አናሊስት በሚል ስም ውስጥ ተደብቋል፤ በዚያ ገብታችሁ ዶክመንቴሽኑን ተረከቡ። በሪሞት ለውጭ ድርጅት መሥራት ይቻላል፣ ክፍያውን እንዴት እንደምትቀበሉ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጨርሱ። የሕክምና መሣሪያና የአቪዬሽን ዶክመንቴሽን ደግሞ የራሱ ሕግና ቁጥጥር ስላለው፣ ስለ ሶፍትዌር ያልኩትን እንዳለ ወደዚያ አትውሰዱት።

የቅጥር ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ አንድ የተዝረከረከ የመሐንዲስ ማስታወሻ ሰጥተው «ወደ መመሪያ ቀይረው» ይላሉ። እኔ የአመልካቾችን ፈተና ሳርም፣ መመሪያውን ከማንበቤ በፊት የምፈልገው ለመሐንዲሱ የተጻፉትን ጥያቄዎች ነው። ማስታወሻው ላይ ሆን ብለን የምናጎድለው ደረጃ አለ። ያንን ደረጃ ከራሱ ፈጥሮ አሳምሮ የሞላውን ሰው አልቀጥረውም፤ ቦታውን ባዶ ትቶ «እዚህ ጋ ምን ይደረጋል?» ብሎ የጻፈውን እጠራዋለሁ።