ፖርቱን ከፈትነው፣ ግን ማንም አልገባም

እኔ ደሴ፣ የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ። በሚኒባስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፤ ወሬ ሳይጨርሱ ይደርሳሉ። እኔ ቤት ባለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የማይንክራፍት ጌም ሰርቨር (ተጫዋቾቹ ገብተው የሚገናኙበት ፕሮግራም) ከፍተን አብረን ልንጫወት ብለን ግን ሁለት ሌሊት ፈጀብን። እሱ ጋ የሚመጣው «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ብቻ፣ ጠብቄ ጠብቄ መልስ አጣሁ ማለት ነው። በመሃል ያልመከረን ሰው የለም። አብዛኛው ምክር ስህተት ነበር፣ እሱን ነው የምጽፈው።

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደሆነ። ብዙ የኪራይ ክፍል ያለው፣ በሩ ግን አንድ የሆነ ግቢ አስቡ። ከውስጥ የሚወጣውን ማንም አይጠይቀውም። ከውጭ የሚመጣውን ዘበኛው «ማንን ፈልገህ ነው?» ይለዋል፣ የሚያውቀው ከሌለ አያስገባውም። ዘበኛው ራውተራችሁ ነው፣ ቤታችሁን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ሳጥን። ፖርት ማለት እንግዳው የትኛውን ፕሮግራም እንደፈለገ የሚናገርበት ቁጥር ነው፤ የማይንክራፍት 25565 ነው። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ደግሞ «25565 ብሎ የመጣ እንግዳ ካለ ሦስተኛው ክፍል ላከው» ብሎ ለዘበኛው መንገር ነው። ሌላ ምትሃት የለውም።

«ራውተሩ ላይ ከሞላህ አለቀ»

አላለቀም። እኛን ሁለት ሌሊት ያስፈጀን ይሄ ነው። ቁጥሩን በትክክል ሞላሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ወላሂ አንድ ነገር አልቀየረም። ችግሩ ራውተሬ ላይ አልነበረማ! ከእኔ ግቢ ውጭ ሌላ ትልቅ ግቢ ነበር፣ የሱን ዘበኛ ደግሞ እኔ አላዘውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይፒ ማለት የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር ነው። የድሮው አይፒ፣ ማለትም አይፒ ቨርዥን 4፣ ያለው አድራሻ ወደ 4.3 ቢሊዮን ብቻ ነው፤ ለዓለም አይበቃም። ስለዚህ ብዙ ኢንተርኔት አቅራቢዎች በርካታ ደንበኞችን ከአንድ የጋራ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ሲጂናት ይሉታል። በሞባይል ዳታ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ናችሁ።

ማወቂያው ቀላል ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከራውተሩ ስር ያለውን ስቲከር አንብቡና የተጻፈውን አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው) ብራውዘር ላይ አስገቡ። ገብታችሁ «ዋን አይፒ» የሚለውን፣ ማለትም ራውተሩ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ፣ ፈልጉ። ከዚያ ጎግል ላይ «የኔ አይፒ ስንት ነው» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጠይቁ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ በሩ የእናንተ ነው፣ ቀጥሉ። ከተለያዩ ደግሞ የራውተሩን ቁጥር አጀማመር እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ሲጂናት ነው፤ ይሄ ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ የተመደበ ነው። በ10 የሚጀምርም ያው የውስጥ አድራሻ ነው። በ192.168 ከጀመረ ግን ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ራውተር ተቀጣጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ የፋይበሩ ሳጥንና ከገበያ የገዛችሁት ዋይፋይ። ያኔ ሁለቱም ላይ መሙላት ወይ አንደኛውን ብሪጅ ማድረግ ነው፣ ማለትም ዘበኝነቱን ትቶ ዝም ብሎ እንዲያሳልፍ።

የኔው በ100 ጀምሮ ተገኘ። የአክስቴ ልጅ የራሱን ሲያይ ሁለቱ ቁጥር አንድ! ምን እናድርግ፣ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ በሚኒባስ ኮምቦልቻ አወረድኩት።

ዘመድ ለሌለው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አቅራቢውን የራስ ፐብሊክ አይፒ፣ ማለትም ከሌላ ደንበኛ ጋር የማትጋሩት የውጭ አድራሻ፣ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው እንደ ዜሮቲየር፣ ቴልስኬል ወይ ራድሚን ቪፒኤን ያለ ፕሮግራም ሁላችሁም ጭናችሁ አንድ ቤት ውስጥ እንዳላችሁ መገናኘት። ለአራት አምስት ጓደኛ ይሄ ይበቃል፣ ፖርት መክፈትም አያስፈልግም። እውነቱን ለመናገር ለብዙው ሰው እኔ የምመክረው ይሄንን ነው።

«ጌም ላግ ካደረገ ፖርት ክፈት»

ፒያሳ ያገኘሁት አንድ ልጅ ለፐብጂ ሞባይል ፖርት ካልከፈትክ ብሎ ድርቅ አለብኝ። ፐብጂም ፍሪ ፋየርም ሰርቨሩ የኩባንያው ነው፤ እናንተ ናችሁ ወደሱ የምትሄዱት፣ ከግቢ የሚወጣን ደግሞ ዘበኛ አይጠይቅም። ላግ የሚያመጣው ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ የሚረዝመው ከርቀትና ከመስመር መጨናነቅ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚጓዘው፤ ሰርቨሩ 5,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊ ሰከንድ አይወርድም። ይሄን የትኛውም ፖርት አያሳጥረውም።

«ቲሲፒ ሆነ ዩዲፒ ያው ነው»

ያው አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ የዳታ መላኪያ ዘዴዎች ናቸው፤ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ዘዴው ከተሳሳተ ዘበኛው አያስገባም። የኮምፒውተሩ ዕትም፣ የማይንክራፍት ጃቫ፣ ቲሲፒ 25565 ነው። ስልክ ላይ ያለው ቤድሮክ ግን ዩዲፒ 19132። (በነገራችን ላይ ሁለቱ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አይገናኙም፤ በስልክ የጃቫ ሰርቨር ልግባ እያለ የሚለፋውን ቤት ይቁጠረው።) ከሌሎች ጌሞች ቴራሪያ ቲሲፒ 7777፣ ቫልሃይም ዩዲፒ 2456 እና 2457። ግራ ከገባችሁ ራውተሩ «ሁለቱም» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ምረጡ።

«አንዴ ከሞላሁ ለዘላለም ነው»

መብራት ሄዶ እስኪመጣ ድረስ ነው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ለላፕቶፑ ሌላ የውስጥ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል። ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ዛሬ 1.8 ይሆንና ዘበኛው እንግዳውን ወደ ባዶ ክፍል ይልከዋል። መፍትሔው ራውተሩ ላይ፣ ዲኤችሲፒ የሚለው ገጽ ውስጥ፣ ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ማስያዝ ነው። የውጩም አይፒ ሊቀየር ይችላል። ለሱ ወይ በየጊዜው አዲሱን ቁጥር ለጓደኛ መላክ ነው፣ ወይ በቁጥሩ ፈንታ ስም የሚሰጣችሁን፣ ዲዲኤንኤስ የሚባለውን ማስገባት፤ ስሙ ሳይቀየር አዲሱን አድራሻ ይከተላል።

«ከቤቴ ሞክሬው አልገባም፣ ስለዚህ አልሰራም»

እዚህ ጋ የአክስቴ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናደደ። እዚያው ዋይፋይ ላይ ሆኖ በውጩ አይፒ ሊገባ ይሞክራል፣ እምቢ ይላል። እኔ ደሴ ሆኜ ገብቼ ጌሙ ውስጥ ቤት እየሠራሁ ነው። አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ በራሱ በር የሚመለስን አያስተናግድም። እቤት ያለ ሰው በውስጡ አድራሻ ይግባ፣ ሙከራው ደግሞ ከውጭ ኔትወርክ ይሁን።

ፖርት የሚፈትሹ ድረገጾችም ሰርቨሩ ሳይነሳ ካያችኋቸው ሁሌም «ዝግ ነው» ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ከሌለ ማን ይመልስላቸው? የላፕቶፑ የራሱ ዘበኛ፣ የዊንዶውስ ፋየርዎልም አለ። ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሳ ይፈቀድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ሰው ሳያነብ ይዘጋዋል። ዘበኛው በትክክል ልኮት ክፍሉ ከውስጥ ተቆልፎ ሲቆይ ማለት ነው።

«ዲኤምዜድ አድርገው፣ ተገላገል»

ዲኤምዜድ ማለት ዘበኛውን «የመጣውን ሁሉ ሦስተኛው ክፍል ላክ» ማለት ነው። ለሙከራ አምስት ደቂቃ ከሆነ ይሁን። ትቶ መተኛት ግን እብደት ነው።

«ፖርት ከከፈትክ ሃከር ቤትህ ገባ»

የተከፈተ ፖርት የሚያደርሰው እዚያ ላይ ወደሚሠራው ፕሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ፕሮግራሙ ቀዳዳ አለው ወይ ነው። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ሎግፎርሼል የተባለው ክፍተት ሲታወቅ ቻት ላይ በተጻፈ አንድ መስመር ብቻ የማይንክራፍት ጃቫ ሰርቨርን መቆጣጠር ይቻል ነበር፤ 1.18.1 ላይ ተደፈነ። አሮጌ ቨርዥን ከሆነ የምትጠቀሙት ይሄ ይመለከታችኋል።

ከሃከር በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጌሙን ያልገዙ ጓደኞች እንዲገቡ ብለን «ኦንላይን ሞድ»ን የምናጠፋ ብዙ ነን። ሲጠፋ ሰርቨሩ የማንንም ስም አያጣራም። የአድሚኑን ስም የሚያውቅ ሰው በዚያ ስም ገብቶ አድሚን ይሆናል! ዋይትሊስትም፣ ማለትም እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ዝርዝር፣ ስም እንጂ ሰው ስለማያጣራ እዚህ ላይ አያድንም፤ መግቢያ ፓስወርድ የሚጠይቅ ፕለጊን (ሰርቨሩ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ያስፈልጋል።

«ዳውንሎድህ ፈጣን ከሆነ ሰርቨርህም ፈጣን ነው»

ሰርቨር የሚልክ ነው፣ ስለዚህ አፕሎዱን፣ የመላኪያውን ፍጥነት፣ እዩ። ላፕቶፑንም ከተቻለ በኬብል አገናኙት።

ይሄን ሁሉ አስተካክለን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰርቨሩ ሞቶ ተገኘ። አይፒውን አየን፣ ያው ነው። ፖርቱን አየን፣ ያው ነው። ሰፈሩም መብራት አልሄደም። የአክስቴ ልጅ ሳሎን ሲገባ ላፕቶፑ ክዳኑ ተዘግቶ፣ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አክስቴ «ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ አደረኮ፣ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው» አለች። ዊንዶውስ ውስጥ «ክዳን ሲዘጋ ምንም አታድርግ» የሚል ምርጫ አለ። እሱን አደረግንና ዳንቴሉን ራውተሩ ላይ እንድታለብሰው ተስማማን።