«ገደልናት» እና በራችን ላይ የምሰማቸው ሌሎች ወሬዎች

ሰውዬው ካርቶን ታቅፎ የመጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የውሾቹን ሩዝና ሳምባ እያማሰልን ሳለ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ዶክተር፣ ገደልናት!» አለኝ፤ የምስራች እንደያዘ ሰው ፊቱ በርቶ። የሰባት ዓመት ልጁን ትናንት ማታ ውሻ ነክሳታለች። የሰፈሩ ጎረምሳ ተጠራርቶ ውሻዋን በድንጋይ ጨርሷታል፤ ሬሳዋንም ወንዝ ጥለውታል። ካርቶኑ ውስጥ ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ አምስት ቡችሎች አሉ። ልጅቷ እጇን የሰደደችው ወደ እነሱ ነበር።

«ልጅቷስ?» አልኩት።

«ደህና ናት፣ ትንሽ ጭረት ናት። ውሻዋ ሞታለች አልኩህ እኮ።»

አዲስ አበባ ዳር ባለው በዚህ መጠለያ ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ እንደዚህች አነጋገር የሚያንጨረጭረኝ ነገር የለም። ውሻዋ ስትሞት የእብድ ውሻ በሽታውም አብሮ የተቀበረ ይመስላቸዋል። ቫይረሱ ከነበረ እኮ አሁን ያለው ልጅቷ ቁስል ውስጥ ነው!

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የውሻው ለሀጭ ውስጥ የሚገባው ምልክቱ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ምልክት ያሳየ ውሻ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰው ውሻ ታስሮ 10 ቀን እየበላ እየጠጣ በጤና ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ለሀጩ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ከዚህ የረከሰ ምርመራ ከየት ይመጣል? ገመድና ፍርፋሪ ነው የሚጠይቀው። ውሻውን ስትገድሉ ምስክሩን ነው የገደላችሁት። (የታመመ የሚመስለውን ግን ራሳችሁ ለማሰር አትታገሉ፤ በር ዘግታችሁበት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።) የተነከሰው ሰው ክትባትም 10ኛውን ቀን አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ተጀምሮ፣ ውሻው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ያኔ ይቆማል።

ውሻው ከሞተም አንድ መንገድ ይቀራል። በሽታው የሚረጋገጠው አንጎሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ታይቶ ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬም «ፓስተር» የሚለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ይሠራል። ግን ጭንቅላቱ በድንጋይ ተፈርክሶ ወንዝ ከገባ ምኑ ይመረመራል?

ለሰውዬው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ነገርኩት ብል እዋሻለሁ። ጮኽኩበት። ቁስሉን በምን እንዳጠቡት ስጠይቀው የቡና ዱቄት ነስንሰው በጨርቅ እንዳሰሩት ነገረኝ። መጠቅለያው ተፈቶ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። «ዛሬ ሥራ ስላለብኝ ነገ እወስዳታለሁ» አለኝ። ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የትም አገር የለም። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ስለሆነ «ሳምንት አለፋት፣ ደህና ናት» የሚባለው ማጽናኛም ዋጋ የለውም። ወዲያው ላዳ አስጠርተን ሸኘነው።

ደግሞ «ሆድ ላይ 14 መርፌ ነው የሚወጉት» ብሎ የሚሸሽ አለ። ያ የድሮው ክትባት ነው። አዲሱ ክንድ ላይ፣ በጥቂት ቀጠሮ ያልቃል።

«ውሃ ከጠጣ እብድ አይደለም» የሚሉትም አሉ። ውሃ የሚፈራው የታመመው ሰው ነው። የታመመ ውሻ ጉሮሮው ሽባ ሆኖ መዋጥ ያቅተው ይሆናል እንጂ ውሃ አይፈራም፤ ወንዝ ተሻግሮ ሊነክስ ይችላል። ሁሉም እብድ ውሻ ደግሞ አይቆጣም። አንዳንዱ ጥግ ይዞ፣ መንጋጋው ወርዶ፣ ለሀጩን እያዝረበረበ ዝም ይላል። ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን ጉሮሮው ውስጥ የሚከተው ይኼኔ ነው። አንዲት እናት እንዲህ አድርገው እስከ ክርናቸው በለሀጭ ተለውሰው መጥተዋል፤ በጊዜ ስለተከተቡ ዛሬም ያልፋሉ ያገድማሉ።

የእንዶድ ሥር ቀጥቅጠው የሚያጠጡ መድኃኒት አዋቂዎች ስም የሚያተርፉትም በቀላል ሒሳብ ነው። ከሚነክሱት ውሾች አብዛኞቹ በሽታው የለባቸውም፤ በእብድ ውሻ የተነከሰም ሁሉ አይታመምም። የዳነው ሰው አዋቂውን ያመሰግናል፣ የሞተው አይመጣም ለመክሰስ። እንዶድ ራሱ መርዝ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«መርዝ ተበትኖ ቢያልቁ ሰፈሩ ያርፋል» የሚለው የእድር ስብሰባ ላይ ሁሌ ይነሳል። የሉካንዳው ትርፍራፊና የቆሻሻው ክምር ባለበት እስካለ ድረስ የሞቱትን የሚተካ ከጎረቤት ሰፈር ይመጣል፤ ያውም ያልተከተበ። ከትበን ጆሯቸው ላይ ምልክት ያደረግንባቸውም አብረው ያልቃሉ። ከሰፈሩ ውሾች 70 በመቶው ክትባት ካገኙ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። መርዝ ይህን ቁጥር ነው የሚያፈርሰው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። «ሴት ውሻ ከመመከኗ በፊት አንዴ መውለድ አለባት»፦ የለባትም፤ እንዲያውም ቀድማ ስትመክን የጡት ካንሰር ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። «የተኮላሸ ወንድ ቤት አይጠብቅም»፦ ግቢያችን ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩና ንገሩኝ። «ጆሮው ሲቆረጥ ኃይለኛ ይሆናል»፦ ጆሮ የሌለው ይሆናል።

አንድ የሚያሳስበኝ ግን አለ። «ወቅቷ ነው» እየተባለ ለወራት ደም የሚፈሳት ሴት ውሻ። የውሻ ወቅት ከሦስት ሳምንት ብዙም አይዘልም። ከዚያ ካለፈ በግንኙነት የሚተላለፈውን ዕጢ ጠርጥሩ፤ ብልቷ ላይ እንደ አበባ ጎመን ያለ ሥጋ ይታያል። ካንሰር ነው፣ ግን ከሚድኑት ነው። ለሰው ካንሰር የሚሰጠውን ቪንክሪስቲን በሳምንት አንዴ ስንሰጥ፣ ብዙዎቹ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ።

እከክን በተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትም ይቅር። ባለፈው ክረምት የመጣች አንዲት ውሻ ከሩቅ ጋራዥ ጋራዥ ትሸት ነበር። ቡናማ መሆኗን ያወቅነው ለሦስተኛ ጊዜ በላርጎ ካጠብናት በኋላ ነው። ሥር ያለው ቆዳ ተቃጥሏል፤ የላሰችው ዘይት ደግሞ ሆዷን አውኳታል። እከኩ በአይቨርሜክቲን መርፌ ለቀቃት፣ ዘይቱን ለማከም ግን ወር ፈጀብን።

ወደ ካርቶኑ ልመለስ። ሰውዬው ለቡችሎቹ ግማሽ ሊትር የላም ወተት ይዞ መጥቷል፤ ሐሳቡ መልካም ነው፣ ግን የላም ወተት ስቡ ለቡችላ ያንሳል፣ ስኳሩ በዝቶ ያስቀምጣቸዋል። በዚያን ሳምንት የወለደች፣ ወተቷ የሚተርፍ ውሻ ነበረችን። ሌላ ጊዜ ቢሆን በእሷ ጉዝጓዝ አሻሽተን ከሥሯ እናስገባቸው ነበር። ግን የሞተችው እናታቸው ምን እንደነበረባት የምናውቅበት መንገድ የለንም፤ ስትልሳቸው አስይዛቸው ከሆነ ለእኛዋም ውሻ ለልጆቿም ይተርፋል። ስለዚህ ለብቻቸው ክፍል ገቡ። ቀድሞ የተከተበ ሠራተኛ ብቻ ጓንት አጥልቆ፣ በየሁለት ሰዓቱ በጡጦ ያጠባቸዋል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ጭምር።