ትሮን፦ ኮምፒውተር ሠራው የምንለው የእጅ ሥራ

ባለፈው እሑድ አንድ ጓደኛዬ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ትሮንን ከፈተለት፤ «ይኼ ከላይ እስከ ታች በኮምፒውተር የተሠራ ፊልም ነው» እያለ። ልጁ ሩብ ሰዓት ያህል አየና ስልኩ ላይ ወዳለው ማይንክራፍት የሚባል ጌም ተመለሰ። በልጁ አልፈረድኩም። የተከራከርኩት ከአባቱ ጋር ነው። ምስሉ በሚንቀጠቀጥ ካሴት ደጋግመን ያየነውን ፊልም ጠንቅቀን የምናውቀው ይመስለናል፤ የምናወራው ግን ግማሹ ስህተት ነው።

ላላየው ሰው፦ ትሮን በ1982 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲዝኒ ያወጣው፣ ስቲቨን ሊዝበርገር ያዘጋጀው ፊልም ነው። ፍሊን የሚባል ፕሮግራመር የሠራቸውን ቪዲዮ ጌሞች የሥራ ባልደረባው ሰርቆ አለቃ ሆኖበታል። ፍሊን ማስረጃ ፍለጋ ገብቶ ሳለ ሌዘር ይመታውና ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ጌም የሚሸነፍ ይሞታል።

«ሙሉ ፊልሙ የኮምፒውተር ሥራ ነው»

አይደለም። ከአንድ ሰዓት ተኩሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተፈጠረው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው።

ታዲያ ያ ሰማያዊና ቀይ የሚያበራው ልብስስ? እሱ የሰው እጅ ነው። ተዋንያኑ ጥቁር መስመር ያለበት ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ዙሪያው በጠቆረ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ተቀረጹ። ከዚያ እያንዳንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብርሃን በሚያሳልፍ ትልቅ ሉህ ላይ ታተመ። ፊቱ ለብቻ፣ የልብሱ መስመር ለብቻ እየተሸፈነና እየተገለጠ፣ ከሥር መብራት እየበራበት፣ በባለቀለም ማጣሪያ እንደገና ፎቶ ተነሣ። ለአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም እንደሚያስፈልግ አትርሱ። ቀለም የመቀባቱ ሥራ አብዛኛው ወደ ታይዋን ተልኮ ነው ያለቀው። ፊልሙ ሲያልቅ የሠራተኞቹ ስም በቻይንኛ ፊደል ሲወርድ ያያችሁት ለዚህ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ የብልጭልጩ ነገር ነው። በልጅነቴ የገጸ ባሕርያቱ ብርሃን አንዳንዴ እልም ብልጭ ሲል ኮምፒውተር ውስጥ ስላሉ ነው ብዬ አምን ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ሉሆቹ በተመረቱበት ቅደም ተከተል ቁጥር በተሰጣቸው ሳጥኖች ነበር የመጡት፤ ሠራተኞቹ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቁ ተጠቀሙባቸው። የሉሆቹ ብርሃን የመቀበል አቅም ከሳጥን ሳጥን ትንሽ ስለሚለያይ ምስሉ መብለጭለጭ ጀመረ። ሁሉን እንደገና መሥራት የማይታሰብ ስለሆነ ብልጭታው ላይ የዝዝታ ድምፅ ጨመሩበት። ሆን ተብሎ የተደረገ መሰለ፤ እኛም ተሸወድን።

«ኮምፒውተር የሠራው ክፍል ቢያንስ ለሰው ቀላል ነበር»

የባሰው እዚህ ነው። ዕቃን በማውስ ይዞ መጎተት የለም። አንድ ነገር የት እንዳለ ሦስት ቁጥር፣ ወዴት እንደዞረና እንዳዘነበለ ሌላ ሦስት ቁጥር፤ ይህ ለእያንዳንዱ ፍሬም በሰው ተሰልቶ በሰው ይተየባል። አራት ሰከንድ 96 ፍሬም ነው፤ በስድስት አባዙት፣ 576 ቁጥር። ለአንድ ዕቃ ብቻ! ከተጠቀሙባቸው ኮምፒውተሮች የአንዱ ሜሞሪ 2 ሜጋባይት ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

የሁላችንም ትዝታ የሆኑት የብርሃን ሞተሮች (ከኋላቸው የብርሃን ግድግዳ እየተዉ የሚሄዱት የውድድር ሞተር ሳይክሎች) የኒውዮርኩ ማጂ የሚባል ድርጅት ሥራ ናቸው። የማጂ ፕሮግራም ሳጥንን፣ ሲሊንደርንና ሉልን የመሳሰሉ ቅርጾችን እያጋጠመ ነበር የሚሥለው፤ ሞተሮቹም የተገጣጠሙት ከእነዚሁ ነው። ጓደኛዬ «እንዴት ክብ እየሠሩ እንደሚዞሩ ታስታውሳለህ?» አለኝ። ያ የ2010ሩ ተከታይ ፊልም ነው። የመጀመሪያዎቹ በ90 ዲግሪ ቀጥ ብለው ነበር የሚታጠፉት። እኔ አልረሳውም፤ በሒሳብ ደብተር ላይ፣ በካሬዎቹ መስመር፣ አንዳችን በቀይ አንዳችን በሰማያዊ እስክሪብቶ ስንጫወተው የኖርነው በዚህ ሕግ ነው። መስመር የነካ ሞተ።

«ከጌም የተወሰደ ፊልም ነው»

ግልባጩ ነው። ሊዝበርገርን ያነሣሣው ፖንግ የተባለው የአታሪ ጌም ቢሆንም የትሮን ጌም የመጣው ከፊልሙ ነው፤ ባሊ ሚድዌይ በዚያው በ1982 በሳንቲም ለሚጫወቱበት ማሽን አወጣው።

«ትሮን ማለት ጄፍ ብሪጅስ ነው»

ጄፍ ብሪጅስ ፍሊንን ነው የሚጫወተው። ትሮንን፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ተዋጊ ፕሮግራም፣ የሚጫወተው ብሩስ ቦክስላይትነር ነው። ስሙም ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ካለው «ትሮን» ከሚል ትዕዛዝ የተወሰደ የሚመስላቸው አሉ፤ ሊዝበርገር ግን «ኤሌክትሮኒክ» ከሚለው ቃል እንደቆረጠው ተናግሯል።

«ከስሮ የቀረ ፊልም ነው»

17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 33 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። የሲኒማ ቤቶች ድርሻና የማስታወቂያ ወጪ ሲነሣለት የሚያስጨፍር ትርፍ አይደለም፤ ዲዝኒም ከዚያ በላይ ነበር የጠበቀው። ግን ውርደት የሚባልም አይደለም። ያንን ክረምት ኢ.ቲ. የተባለው የስፒልበርግ ፊልም ጠራርጎ ወስዶት ነበር፤ ከኢ.ቲ. ጋር ተወዳድሮ ማን አልተጎዳ?

«ኮምፒውተር ስለተጠቀመ ኦስካር አገደው»

ይህ ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሊዝበርገር ራሱ፣ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በኮምፒውተር መሥራትን እንደ ማጭበርበር ቆጥሮብናል ሲል ቆይቷል። በልዩ ምስል (ቪዥዋል ኢፌክት) ዘርፍ በእርግጥም አልታጨም። ነገር ግን ፊልሙ አልታገደም፤ በአልባሳትና በድምፅ ሁለት እጩነት አግኝቷል። በልዩ ምስሉ ዘርፍ የታጩት ደግሞ ኢ.ቲ.፣ ብሌድ ራነርና ፖልተርጋይስት ነበሩ። እኔ ትሮንን በጣም እወዳለሁ፤ ብሌድ ራነርን አውጥቼ እሱን አስገባ ነበር ብዬ ግን አልምልም።

አካዳሚው ከትሮን ቤት የወጣ ሰው ግን ሸልሟል፤ በ1997። ኬን ፐርሊን ማጂ ውስጥ በትሮን ላይ ሲሠራ ምስሉ ሁሉ ልሙጥና ማሽን ማሽን የሚል መሆኑ አናደደው። ከዚያ በኋላ እብነ በረድን፣ ጭስን፣ ደመናን የተፈጥሮ ዓይነት ሸካራነት የሚሰጥ ስሌት ፈጠረ፤ የተሸለመውም በእሱ ነው። ስሌቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ማይንክራፍት ውስጥ ተራራና ሸለቆው የሚዘረጋው በዚሁ ስሌት ነው። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ወደ ልጁ ስልክ ዘወር አለ። ልጁ አንድ ኮረብታ እየቆፈረ ነበር።