ድኅረ ዘመናዊ ፍልስፍና እና የማኅበራዊ ፍትሕ አስተሳሰብ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲታይ

ድኅረ ዘመናዊነት ወይም ፖስትሞደርኒዝም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአብዛኛው በፈረንሳይ የተቀረጸ፣ ኋላም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተስፋፋ የፍልስፍና ዝንባሌ ነው። አንድ ወጥ ትምህርት አይደለም፤ ዋና ሰዎቹ የሚባሉት ሚሼል ፉኮና ዣክ ዴሪዳ ራሳቸው በዚህ ስም መጠራትን አልወደዱትም። የሚያመሳስላቸው ጥርጣሬያቸው ነው፦ እውነት ተብሎ የቀረበን ነገር ማን አቀረበው፣ በምን ቃል አቀረበው ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ስለ ዘር፣ ስለ ጾታና ስለ ቅኝ ግዛት ውርስ በሚደረገው የማኅበራዊ ፍትሕ ክርክር ውስጥ ሥር ሰዷል። በቆዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶ ወይም በለገጣፎ በኩል ለሚኖር ሰው ጉዳዩ የፓሪስ ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ማሳው ኮንዶሚኒየም በሆነበት አገር ጥያቄው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ወረፋ ይዞ ቆሟል።

ቃሉ በፍልስፍና ውስጥ የታወቀው በፈረንሳዊው ፈላስፋ በዣን ፍራንሷ ሊዮታር እ.ኤ.አ. የ1979 ሥራ ነው። ሥራው ለካናዳዋ ኩቤክ የዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት የተጻፈ ዘገባ ነበር። ሊዮታር ድኅረ ዘመናዊነትን በዐቢይ ትረካዎች ላይ እምነት ማጣት ሲል ተረጎመው። ዐቢይ ትረካ የሚለው የሰው ልጅ ሁሉ ወደ አንድ ግብ እየተጓዘ ነው የሚለውን ታሪክ ነው። ይህን የጻፈው ራሱ ለዓመታት በማርክሲስት የግራ ፖለቲካ ቡድን ውስጥ ከቆየ በኋላ ነው። የእኛም አገር የማኅበራዊ ፍትሕ ቋንቋ በአብዛኛው ከማርክሲዝም የተቀዳ ነው፦ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ያኔ ዐቢዩ ትረካ ሶሻሊዝም ነበር። ዛሬ ቦታውን የወረሰው ልማት ይመስለኛል፤ «ለልማት ነው» ከተባለ በኋላ ለመከራከር አፍ የሚከፍት ጥቂት ነው።

ለፍትሕ አስተሳሰብ ከሁሉም ይበልጥ የቀረበው ፉኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ እስር ቤት ባሳተመው መጽሐፍና ከዚያ በኋላ በጻፋቸው ሥራዎች፣ ሥልጣን በቤተ መንግሥት ብቻ እንደማይቀመጥ ያስረዳል። በመዝገብ፣ በቅጽ፣ በልኬት፣ ሰውን ከፋፍሎ በመሰየም ውስጥ ይሠራል፤ ዕውቀትና ሥልጣንም ተጋግዘው ይሄዳሉ። ለዚህ ከከተማችን ዳር የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። አንድ የጭቃ ቤት እንውሰድ። ሌሊት ተሠርቶ ስላደረ ሰፈርተኛው «ጨረቃ ቤት» ይለዋል። ደንብ አስከባሪው «ሕገወጥ ግንባታ» ይለዋል። መዝገብ ቤቱ «ሰነድ አልባ ይዞታ» ብሎ ይጽፈዋል። ግድግዳው ያው ነው፤ ግሬደሩ የሚመጣውና የማይመጣው ግን በስሙ ነው። «የልማት ተነሺ» የሚለውን ደግሞ ሰዋስዉን ልብ ብሎ ማየት ያሻል። ተነሺ ማለት ከተቀመጠበት ብድግ የሚል ሰው ነው። ያስነሣው ወገን ከቃሉ ውስጥ ጠፍቷል። ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበትን ማሳ ያጣው ገበሬ በስሙ ራሱ ፈቅዶ የሄደ መስሎ ይቀመጣል።

ዴሪዳ የተወለደው በራሱ በአንድ ዋና ከተማ ዳርቻ፣ በአልጀርስ አጠገብ ባለችው ኤል ቢያር፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በ1942 በአይሁድ ላይ በወጣው ሕግ ምክንያት ከትምህርት ቤት ተባሯል። ሥራው ጥንድ ሆነው የሚቆሙ ቃላትን ፈትቶ መመርመር (ዲኮንስትራክሽን) ነው፦ ከተማና ገጠር፣ ሕጋዊና ሕገወጥ። ከጥንዱ አንደኛው ሁልጊዜ የበላይ ሆኖ ይቀመጣል ይላል። አንዳንዶች ይህን ከሰምና ወርቅ ጋር ያመሳስሉታል፤ እኔ አይዋጥልኝም። ባለቅኔው ሰሙን ሲገፍ ወርቁን ያገኛል፤ ዴሪዳ ግን ወርቅ የተባለውም ሌላ ሰም ነው ባይ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ወደ ፍትሕ ክርክር የተሻገሩት መንገዶች ብዙ ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ኤድዋርድ ሰዒድ እ.ኤ.አ. በ1978 ምዕራባውያን ስለ ምሥራቅ የጻፉትን በፉኮ መሣሪያ መረመረ። ህንዳዊቷ ምሁር ጋያትሪ ስፒቫክ ዴሪዳን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመች፤ ከሥር ያሉት ሰዎች ድምፃቸው ይሰማ ይሆን ብላም ጠየቀች። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ጁዲት በትለር በ1990 ጾታን በድግግሞሽ የሚፈጠር ነገር አድርጋ አቀረበች። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾው በ1989 ያስተዋወቀችው ተደራራቢ ጭቆናን የሚመለከት ሐሳብ ከአሜሪካ ፍርድ ቤት የተነሣ ነው፦ ጥቁር ሴቶች ተበደልን ሲሉ፣ ጥቁር ወንዶችም ነጭ ሴቶችም ሥራ አላቸው ተብለው ተመለሱ። ክሬንሾው ሐሳቧን የዘመኑን ፖለቲካ ከድኅረ ዘመናዊ ንድፈ ሐሳብ የሚያያይዝ ጊዜያዊ ድልድይ አድርጋ ነበር ያየችው። እዚህ በአባወራ ተቆጥሮ ካሳ ሲወጣ እማማ የት እንደሚቆሙ የጠየቀ ሰው ነገሩን ሳያነበው ደርሶበታል።

ለዳርቻው ይበልጥ የምትጠቅመው ግን አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ፈላስፋ አይሪስ ማሪዮን ያንግ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ፍትሕን ሀብት ማከፋፈል ብቻ አድርጎ ማየትን ተቃወመች፤ ከፉኮና ከዴሪዳም ተበድራለች። ማን ይወስናል፣ የማን ባህል እንደ ልኬት ይቆጠራል የሚለውም ፍትሕ ነው አለች። የእኛ ሕግ በብዛት የሚናገረው ስለ መጠን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝቦች በመሆኑ ለመሬቱ ዋጋ አይከፈልም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይሰጠው ነበር፤ እሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሦስት ዓመቱ ከፍተኛ ገቢ በ15 ይባዛል። ማሻሻያው ትንሽ አይደለም። ነገር ግን አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያጣመረው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተቃውሞ ገጥሞት፣ ሕይወት ጠፍቶበት፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ሲሰረዝ ክርክሩ ስለ ማባዣ ቁጥር አልነበረም። ማን ማንን አማከረ፣ ቦታው በማን ስምና ቋንቋ ይጠራ የሚል ነበር።

ትችቱም የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በኔዘርላንድ ቴሌቪዥን አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖአም ቾምስኪ ከፉኮ ጋር ሲከራከር፣ ፉኮ የፍትሕን ሐሳብ ራሱን የሥልጣን መሣሪያ አድርጎ አቀረበው፤ ቾምስኪ ግን ፍትሕ በሰው ተፈጥሮ ውስጥ እውነተኛ መሠረት አለው አለ። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ናንሲ ፍሬዘር በ1981 ፉኮ ጭቆናን ያሳያል እንጂ ለምን መቃወም እንደሚገባ አይነግረንም ስትል ጻፈች። እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሌላውን የሚያስቆም ሰው ከራሱም ከዚያኛውም በላይ የሆነ ነገር አለ ብሎ ነው። ዴሪዳ ይህ ክፍተት ሳይታየው አልቀረም፤ በ1989 ኒው ዮርክ ባደረገው ንግግር ሕግ ሊፈታ ይችላል፣ ፍትሕ ግን አይፈታም አለ።

በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳው አነሰኝ ያለ ባለይዞታ ይግባኙ ተቀባይነት የሚያገኘው መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ሰነድ ሲያያይዝ ነበር። ፉኮን ያነበበ ጠበቃ ይህ አንቀጽ ሥልጣንን እንዴት እንደሚያደራጅ በሚገባ ሊያብራራ ይችላል፤ ገበሬው ግን መጀመሪያ ማሳውን ያስረክባል።