ከጣና ዳር እስከ ስትራቶስፌር፦ ስለ ድሮኖች የምድር ጣቢያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፀሐይ ኃይል እየሠሩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ስትራቶስፌር በሚባለው ከደመና በላይ ባለው የአየር ንብርብር ውስጥ፣ ለሳምንታት የሚቆዩ ሰው አልባ አውሮፕላኖች እምቦጭ የወረረውን የጣናን ዳርቻ ለመከታተልም ሆነ ኔትወርክ ለማይደርስባቸው ቀበሌዎች አገልግሎት ለመስጠት ይጠቅማሉ ሲባል፣ በባሕር ዳር የሚደረገው ውይይት ብዙ ጊዜ በአውሮፕላኑ ላይ ብቻ ያተኩራል። ሥራውን የሚያሳካው ወይም የሚያበላሸው ግን በአብዛኛው ምድር ላይ ያለው ዝግጅት ስለሆነ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አሳቦች ማረም ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

«ይህን ያህል ከፍ የሚል አውሮፕላን ረጅም የአስፋልት ማኮብኮቢያ ይፈልጋል።»

ዘፊር የተባለው የኤርባስ ሥሪት የክንፉ ርዝመት 25 ሜትር ሲሆን ክብደቱ ግን 75 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ጎማ የለውም፤ ጥቂት ሰዎች ከፍ አድርገው ይዘው እየሮጡ ይለቁታል። የደንገል ታንኳ ተሸክሞ ከውኃ ያወጣ የጣና ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሸክሙ ቀላል ሆኖ ሳለ ነፋስ ከጎን ሲመታው ተሸካሚውን ያንገዳግደዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ፊት ለፊት ተቀብሎ ለመሮጥ የሚያስችል፣ ዛፍና የመብራት ምሰሶ የሌለበት ገላጣ ሜዳ፣ እንዲሁም ያን ክንፍ ሳይነካ የሚያስወጣ ሰፊ በር ያለው ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ነው። የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ መሆኑ እውነት ቢሆንም ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል፤ የሩዝ ማሳም ነው።

«ባሕር ዳር ራሷ ከፍታ ላይ ስለሆነች ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።»

ከ20 ኪሎ ሜትሩ የከተማዋ ከፍታ የሚቀንሰው 1.8 ያህሉን ብቻ ነው። በአንጻሩ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር በአምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ፣ ያው ክንፍ እንዲነሳ አሥር በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ይዘው የሚሮጡት ሰዎችም በዚያው ልክ መፍጠን አለባቸው።

«ፀሐይ ከበዛ የአየር ሁኔታው አያሳስብም።»

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ስትራቶስፌር ውስጥ የሚያሰጋ ደመና የለም፤ እዚያ ለመድረስ ግን ለሰዓታት በዝግታ እየወጡ ደመናና ማዕበል የሚፈጠርበትን የታችኛውን አየር ማለፍ ግድ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ያሠራው ሄሊዮስ የተባለ መሰል አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2003 ሃዋይ አጠገብ የተሰባበረው ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ የተናወጠ አየር ገጥሞት ነው። አኩይላ የተባለው የፌስቡክ ድሮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ዩማ፣ አሪዞና ውስጥ የመጀመሪያ በረራውን አጠናቆ ሊያርፍ ሲል ድንገተኛ ነፋስ መትቶት ክንፉ ተሰበረ። ሁለቱንም የጎዳቸው ለምድር የቀረበው አየር ነው።

ጣና ዳር ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ደግሞ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ይበዛል። በመሆኑም ከሃንጋሩ በፊት መተከል ያለበት የነፋስ መለኪያ ነው ባይ ነኝ። በየሰዓቱ የተመዘገበ የዓመታት መረጃ ከሌለ የትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት ለመነሳት የተረጋጋ እንደሆነ በግምት መወሰን ይሆናል። ከኬንያ ላይኪፒያ የተነሳው ዘፊር እ.ኤ.አ. በ2025 ለ67 ቀናት አየር ላይ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ ላይኪፒያ ስለተቻለ ጣና ዳርም ይቻላል ማለት አይደለም።

«ከመንገደኛ አውሮፕላኖች በላይ ስለሚበር ፈቃድ አያስፈልገውም።»

መንገደኛ አውሮፕላኖች የሚበሩበትን ከፍታ ሲወጣም ሲወርድም ያቋርጣል፤ ያውም በዝግታ። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘትና ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በረራዎች ጋር ሰዓት ማቀናጀት የግድ ነው።

«አንዴ ከወጣ የምድር ጣቢያው ሥራ ያበቃል።»

እንዲያውም ያኔ ይጀምራል። አብራሪዎቹ ምድር ላይ ሆነው ቀንና ሌሊት በፈረቃ ይከታተሉታል፤ መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካ ባትሪና ጄኔሬተር ከሌለ ደግሞ ከአውሮፕላኑ ጋር ያላቸው ግንኙነት ይቋረጣል። ከምድር ክብነት የተነሳ አንድ አንቴና በዚያ ከፍታ ያለን አውሮፕላን ሊያይ የሚችለው ቢበዛ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ ሲርቅ በሳተላይት መገናኘት ያስፈልጋል። የስልክ አገልግሎትም ቢሆን ከሰማይ ብቻ አይመጣም፤ ዘጌ ላይ ያለ ስልክ ከድሮኑ ጥሩ ሲግናል ቢያገኝ እንኳ፣ ድሮኑ ምድር ላይ ከፋይበር (የቴሌኮም መስመር) ጋር የሚያያይዘው ጣቢያ ከሌለው ጥሪው አዲስ አበባ አይደርስም።