«ባዶ» ሲባል ምን ያህል ባዶ?

ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር እንጦጦ ወጥተን ነበር። የኦብዘርቫቶሪው ጉልላት ሲታየን፣ «አጎቴ፣ እዚህ አየሩ ስስ አይደል? የሳተላይት ሞተር ለምን እዚህ አይሞከርም?» አለኝ። አሪፍ ጥያቄ ነው።

እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ የአየሩ ግፊት አሁንም በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ሳተላይት የሚገፉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚሞከሩት ግን ቫኪዩም ቻምበር በሚባል ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ነው። እዚያ ግፊቱ ከተለመደው አየር ከሚሊዮን እጅ አንዱን እንኳ አያክልም።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው፦ «ቫኪዩም» ፍጹም ባዶ ማለት አይደለም። ፓምፖቹ አየሩን መጥጠው ቢያወጡትም ሞተሩ ራሱ ጋዝ ይተፋል፤ ብዙ ጊዜ ዜኖን። ህዋ ላይ ጋዙ እንደወጣ ይቀራል። በርሜሉ ግን ግድግዳ አለው። ፓምፑ ያልያዘው ጋዝ ነጥሮ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፣ ሞተሩም የራሱን ትራፊ በነጻ እንደገና ይተፋዋል። ስለዚህ ጉልበቱ ከእውነተኛው በልጦ ሊታይ ይችላል። የሙከራ ውጤት ሲጻፍ የቻምበሩ ግፊትም አብሮ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። (በአማርኛ የጋዙንም የሞተሩንም «ግፊት» ማለታችን ነገሩን አላቀለለውም።)

ጉልበቱስ ስንት ነው? የአንድ ኤ4 ወረቀት ክብደት 50 ሚሊኒውተን ገደማ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከዚያ በታች ይገፋሉ።

ልጁ ከደብተሩ አንድ ገጽ ገንጥሎ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። «ይቺ ናት?» አለ። ወዲያው ነፋሱ ወሰዳት።